የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የስፖርት መዛግብትን ከጅማ ሆኖ መፈለግ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከጅማ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው የሚተዋወቁ አይመስለንም፤ ይሁንና አራቱም የሚጠይቁት የዓለም አቀፍ ውድድሮች ሰነድ የት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚነበብና በእጃችን ያለው እንዴት እንደሚቆይ ነው። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። በመልሶቹ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካልን የአውሮፓውያን፣ ዓ.ም. ካልን የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ይህ ልዩነት ከታች እንደሚታየው ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ኢትዮጵያ ስላልተወዳደረችባቸው ሦስት ኦሊምፒኮች፣ ማለትም ስለ ሞንትሪያል፣ ስለ ሎስ አንጀለስና ስለ ሴኡል ነው። አማካሪዬ «የሰው ጽሑፍ መጥቀሱን ትተሽ ዋናውን ሰነድ አምጪ» ብለውኛል። ወደ ውጭ ሀገር ሄጄ ለመመራመር አቅሙ የለኝም። ለኦሊምፒክ ብቻ የተቋቋመ የምርምር ቤተ መጻሕፍት አለ? ካለስ፣ ስላልተወዳደረ ሀገር የሚነግረኝ ነገር ይኖረዋል?

መልስ፦ አለ፤ ቁጥሩም ከአንድ በላይ ነው። ዋነኛው በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ የሚገኘው የኦሊምፒክ ጥናት ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1915፣ መቀመጫውን ወደ ሎዛን አዛወረ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤዎች፣ ከየሀገሩ ብሔራዊ ኮሚቴ ጋር የተለዋወጣቸው ደብዳቤዎች፣ ጨዋታውን ለማዘጋጀት የተወዳደሩ ከተሞች ያቀረቧቸው ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና ፊልሞች የሚጠበቁት በዚያው ከተማ ነው። የእኛ ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1954 እውቅና ያገኘና ከሁለት ዓመት በኋላ ለሜልቦርን ቡድን የላከ በመሆኑ፣ እርስዎ በሚያጠኑት ዘመን ከሎዛን ጋር ሲጻጻፍ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ማዕከሉ የኦሊምፒክ ዓለም ቤተ መጻሕፍት የሚባል የኢንተርኔት ማውጫ አለው። በማውጫው ከተዘረዘሩት ውስጥ ብዙዎቹ እዚያው ተከፍተው የሚነበቡ ሲሆኑ፣ ለማንበብ ክፍያ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍት ከእርስዎ ርዕስ ጋር ያለው ግንኙነት ለብቻው የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ከ230 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አስገኝቶ ሲጠናቀቅ፣ ከትርፉ 40 በመቶው በደቡብ ካሊፎርኒያ ለወጣቶች ስፖርት እንዲውል ተመደበ፤ በዚያ ገንዘብ የቆመውና ዛሬ ኤልኤ84 ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት ደግሞ ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ የስፖርት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ያ ቤተ መጻሕፍት የየኦሊምፒኩን ይፋዊ ዘገባና የቆዩ የኦሊምፒክ መጽሔቶችን ወደ ዲጂታል ቀይሮ ለማንም በነፃ አቅርቧል። እንግዲህ ኢትዮጵያ አልሄድም ያለችበት ጨዋታ ባስገኘው ትርፍ፣ ጅማ የተቀመጠች ተማሪ ያንኑ አለመሄድ ልታጠና ትችላለች ማለት ነው።

ከእነዚህ ሌላ በስፔን የባርሴሎና ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲና በካናዳ የዌስተርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረቱ የኦሊምፒክ ጥናት ማዕከላት አሏቸው። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1972 የዓለም አቀፉ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት የነበሩት የአቬሪ ብራንዴጅ ወረቀቶች ደግሞ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ይህ የመጨረሻው ከሞንትሪያል በፊት ስለነበረው ታሪክ ይጠቅምዎታል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ ላይ ደቡብ አፍሪካ ወደ ሜክሲኮው ጨዋታ እንድትመለስ ሲወሰን፣ ከአልጄሪያ ጋር ቀድማ «አልሳተፍም» ያለችው ኢትዮጵያ ነበረች። ውሳኔው ተሽሮ ደቡብ አፍሪካ ከጨዋታው ባትቀር ኖሮ ማሞ ወልዴ የሜክሲኮውን ማራቶን ባላሸነፈ። ሞንትሪያልን ያለዚህ መቅድም የሚጽፍ ሰው ጉዳዩን ከወገቡ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ከባዱ የጥያቄዎ ክፍል እንምጣ። ከየጨዋታው በኋላ የሚወጣው ይፋዊ ዘገባ ተመራማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው ሰነድ ነው፤ የሮም ዘገባ ሁለት ጥራዝ፣ የሙኒክ ሦስት ጥራዝ ነው። ውስጡ የየውድድሩ ውጤት፣ የየማጣሪያው ዝርዝር፣ የስታዲየሙ ንድፍ፣ የምግብ ቤቱ አሠራር ሳይቀር አለ። ነገር ግን የሚናገረው አዘጋጁ ነው፤ ያልመጣን እንግዳም በሰፊው የሚያነሣ አዘጋጅ የለም። በሎስ አንጀለስ ዘገባ የ10 ሺሕ ሜትርን ውጤት ቢያወጡ ከአራት ዓመት በፊት ሞስኮ ላይ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ሁለት ወርቅ የወሰደው ምሩጽ ይፍጠር የለም፤ ለምን እንደሌለ ሠንጠረዡ አይነግርዎትም። ስለዚህ ይፋዊውን ዘገባ ማን እንደተወዳደረ ለማረጋገጥ ይጠቀሙበት እንጂ፣ ለምን እንዳልተወዳደርን ለማወቅ ውሳኔው ወደተወሰነበት ቦታ መሄድ አለብዎት።

በዚህ ረገድ ሦስቱ ጨዋታዎች የተለያየ መንገድ አላቸው። የሞንትሪያሉ ምክንያት የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ማቅናቱ ሲሆን፣ ጥሪው የመጣው ከአፍሪካ አንድነት ድርጅትና ከአፍሪካ የስፖርት ጠቅላይ ምክር ቤት ነው። የድርጅቱ ሰነድ ደግሞ ያለው አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ቤተ መዛግብት ነው። ሎዛንን ስንመኝ ከጅማ አንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ የሚርቀውን እንረሳለን። በዚያው ዘመን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትና የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በሁለቱም ወገን ስለነበሩ፣ ስማቸውን በሎዛንም በአዲስ አበባም ማውጫ መፈለግ ይጠቅማል። የሎስ አንጀለሱ ቀሪነት ሶቪየት ኅብረት የመራችው ነው፤ የሴኡሉ ከሰሜን ኮሪያ ጎን በመቆም የተወሰነና ከእኛ ጋር ኩባን የመሳሰሉ ጥቂት ሀገሮች ብቻ የተካፈሉት ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ በሀገር ውስጥ የሚቀርብዎት ምንጭ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኘው የዘመኑ ጋዜጣ ነው።

ጋዜጣውን ሲጠይቁ ግን ከዚህ ወጥመድ ይጠንቀቁ። የሞንትሪያል ጨዋታ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1976 ሲከፈት በእኛ ሐምሌ 10 ቀን 1968 ዓ.ም. ነበር። የሎስ አንጀለሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲከፈት በእኛ ሐምሌ 21 ቀን 1976 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ «የ1976 አዲስ ዘመን ይሰጠኝ» ብለው ለሞንትሪያል ቢጠይቁ የሚመጣልዎት የሎስ አንጀለሱ ዓመት ጥራዝ ነው፤ «1968» ደግሞ ለፈረንጁ ሜክሲኮ፣ ለእኛ ሞንትሪያል ነው። ሁለቱም ጥራዝ ስለ አለመሳተፍ የሚያወራ መሆኑ ስሕተቱን ይበልጥ ይደብቀዋል። ሴኡል ላይ ይህ ችግር ባይኖርም፣ ጨዋታው የተከፈተው መስከረም 7 ቀን 1981 ዓ.ም. ስለሆነ የውሳኔውን ዜና በ1980፣ የጨዋታውን ዜና በ1981 ጥራዝ መፈለግ ያስፈልጋል።

ወደ ሎዛን በኢሜይል መጻፍ ይቻላል፤ ማዕከሉ ለተመራማሪ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ሠራተኞች አሉት። «ስለ ኢትዮጵያ ያላችሁን ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ ግን ለማንም አይመለስም፤ ቢመለስም የድረ ገጹን አድራሻ ይዞ ነው። ይልቁንም እንዲህ ይጻፉ፦ «እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ነሐሴ 1984 በኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴና በዓለም አቀፉ ኮሚቴ መካከል የተደረገውን መጻጻፍ የያዘ ማኅደር አለ? ካለ የማኅደሩ ቁጥር ስንት ነው? ለተመራማሪ ክፍት ነው? ቅጂው በኢሜይል ሊላክ ይችላል?» አንዳንድ ማኅደር የተወሰኑ ዓመታት ሳይሞሉት ስለማይከፈት ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይቀር። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይጻፉና የአማካሪዎን የድጋፍ ደብዳቤ ያያይዙ። ማዕከሉ የሚሰጠው የምርምር ድጋፍ ለዶክትሬት ተማሪዎችና ለጀማሪ ምሁራን ስለሆነ በዚህ ዲግሪዎ ላይ አይቁጠሩበት፤ ለቀጣዩ ግን ያስቡት።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና የምንጠጣ ጡረተኞች ነን። አንዱ ጓደኛችን ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደችው በ1954 ግብፅን አሸንፋ ነው ይላል። ሌላው ከልጁ ስልክ ላይ አንብቦ በ1962 ነው፣ ተጋጣሚዋም ግብፅ ሳትሆን የዐረብ ሪፐብሊክ ነች ይላል። ውጤቱ ላይም 2 ለ 2 የሚልና 4 ለ 2 የሚል አለ። ክርክሩ ወደ ጠብ ከመሄዱ በፊት ይፍረዱን።

መልስ፦ ሁላችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ቡናውን ማን እንደሚከፍል ግን እኛ አንፈርድም። የፍጻሜው ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሲሆን እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1962 ማለት ነው። ግብፅ በዚያ ዘመን በይፋ የምትጠራው የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ተብላ ነበር፤ ከሶርያ ጋር የመሠረተችው ኅብረት ፈርሶ እንኳ ስሙን እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ይዛ ቆይታለች። ስለዚህ በዘመኑ ሰነድ ውስጥ «ግብፅ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊያጣት ይችላል። ውጤቱም እንዲሁ ነው፤ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ሆነ። ከዚያ በፊት ያገቡት ግርማ ተክሌና የኢታሎ ወንድም አምበሉ ሉቺያኖ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ ከስልክ ላይ የመጀመሪያውን መልስ ከማንበብ ይልቅ ሦስት ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል፦ የየትኛው አቆጣጠር ዓመት ነው? ሀገሩ ያኔ ማን ይባል ነበር? ሰውየውስ በየትኛው ስሙ ተመዝግቧል? የመጨረሻው በእኛ ሯጮች ላይ ይብሳል። በሮም ማራቶን አበበ የሚባሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሮጠዋል፤ አበበ ቢቂላ አንደኛ፣ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጥተዋል። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚመዘግብ የውጭ ቤተ መዛግብት አንዱን በቢቂላ፣ አንዱን በዋቅጅራ ሥር ያስገባዋል፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም በአበበ ሥር ይሰበስባቸዋል። ዋቅጅራ የሚለውም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት ሦስት መልክ አለው። በሁሉም መሞከር ነው።

ያ ሩጫ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሮጦ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ሲደርስ ሮም መሽቶ ስለነበር፣ ዜናውን በአማርኛ ጋዜጣ ማየት የሚፈልግ የ1953ቱን ጥራዝ ይጠይቃል። በ1952ቱ ፈልገው «ኢትዮጵያ ውስጥ ምንም አልተጻፈም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውናል።

ጥያቄ፦ ቆጪ ሰፈር አነስተኛ ቡና ቤት ከፍቻለሁ። የአበበ ቢቂላን የሮም ፎቶግራፍ ከእነዚህ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ አውርጄ፣ በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ብሰቅል ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ማየትና ማንበብ ነፃ ነው ማለት ማተም ነፃ ነው ማለት አይደለም። የብዙዎቹ ፎቶግራፎች መብት የፎቶ አንሺው፣ የዜና ወኪሉ ወይም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው፤ አምስቱ ቀለበቶች ደግሞ ለንግድ መጠቀሚያ እንዳይሆኑ በጥብቅ የተጠበቀ ምልክት ናቸው። ስለዚህ ቀለበቶቹን በቡና ቤቱ ስም አጠገብ ወይም በስኒው ላይ እንዳያደርጓቸው። ለፎቶግራፉ ከሥሩ የተጻፈውን የባለቤት ስም አይተው በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። ከጠየቁን ግን፣ አካባቢዎ የሮጡ ሰዎች ፎቶግራፍ በየቤቱ አለ፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደው እሱን ቢሰቅሉ ለደንበኛዎም አዲስ ነገር ይሆናል።

ጥያቄ፦ በጅማ ለረጅም ዘመን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርኩ። በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የትምህርት ቤቶች ውድድር ፎቶግራፎች፣ የከፋ ክፍለ ሀገር ቡድን የስም ዝርዝሮች፣ የውጤት ወረቀቶችና ጥቂት የቪዲዮ ካሴቶች አሉኝ። ባለፈው ክረምት ስከፍተው አንዳንዱ ፎቶ ተጣብቋል፤ ጠረኑም ተለውጧል። ልጆቼ «ይጣል» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ እንዳይጥሉት። ከላይ ለተማሪዋ የጠቀስናቸው ታላላቅ ቤተ መዛግብት ወርቅ ያመጣውን ሯጭ ይመዘግባሉ፤ ያ ሯጭ በልጅነቱ የሮጠበት የክፍለ ሀገር ውድድር ወረቀት ግን ሎዛን የለም፣ ሎስ አንጀለስም የለም። ካለ እንደ እርስዎ ባለ ሰው ሳጥን ውስጥ ነው።

የለወጠው ጠረን የሻጋታ ነው። ሻጋታ የሚነሣው የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሲሆን፣ የጅማ ክረምት ለዚያ የተመቸ ነው። የቆርቆሮ ሳጥን ዝናብ ይከላከላል፤ ነገር ግን እርጥብ አየር ገብቶ ከተዘጋበት ያንኑ ይዞ ያቆያል። ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ደረቅ ቀን፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ይክፈቱት። ፀሐይ ላይ አያስጡ፤ ፎቶው ይጠቀለላል፣ ቀለሙም ይሄዳል። የተጣበቁትን በጉልበት አይለያዩ፤ የፎቶው ፊት ተልጦ ከሌላው ጀርባ ላይ ይቀራል። እንዳሉ ለብቻ አስቀምጠው ሙያው ላለው ሰው ያቆዩአቸው። ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ከሆነ በለስላሳ ብሩሽ ከቤት ውጭ ይጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ግን በፍጹም አይንኩት።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፎቶ በንጹሕ የወረቀት ፖስታ ይክተቱ። ገጹ የሚያጣብቅ የፕላስቲክ አልበምና ላሚኔሽን ሁለቱም ጠላት ናቸው፤ ናፍታሊንም ሻጋታን አይከለክልም። ሳጥኑን ከወለል ከፍ አድርገው፣ ከውጭኛው ግድግዳ አርቀው፣ በተለይም የቡና ጆንያ ካለበት ክፍል አውጥተው ያስቀምጡ፤ ጆንያ እርጥበትም ነፍሳትም ይስባል። በጫማና በቦርሳ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ጥቂት ይረዳሉ፤ እርጥበት ሲጠግቡ ግን መቀየር አለባቸው።

ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ግን ስም መጻፍ ነው። ፖስታው ላይ፣ ፎቶው ከመግባቱ በፊት፣ በእርሳስ ማን እንደሆነ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደቆመ፣ ቦታውን፣ ውድድሩንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉ። የተረሳውን ስም የሚያውቁ የቀድሞ ተማሪዎችዎን ቤት ይጥሩ። ያልታወቀውን «አልታወቀም» ይበሉ እንጂ አይገምቱ። ቦታውን ሲጽፉ በወረቀቱ ላይ እንዳለ «ከፋ ክፍለ ሀገር» ብለው ይተዉት፤ ዛሬ ባለው የዞን ስም አይተኩት፤ ከፈለጉ አጠገቡ ይጨምሩ።

ቅጂ ሲያስነሡ ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ወረቀቱን ቢያንስ በ300 ዲፒአይ ስካን ያስደርጉ፤ የፋይሉ ዓይነት ለዋናው ቅጂ ቲፍ፣ ለሰው ለሚልኩት ጄፔግ ይሁን። ልጆችዎ በቴሌግራም ሲልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ካሴቶቹን ሻጋታ ከታየባቸው ማጫወቻ ውስጥ አያስገቡ፤ ቴፑም ማጫወቻውም ይበላሻል። ንጹሕ የሆኑትን ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ዲጂታል ያስገልብጡ፤ ማጫወቻው ራሱ ከገበያ እየጠፋ ነው።

ለማን ይሰጥ ለሚለው፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን፣ የጅማ ሙዚየምን ወይም አዲስ አበባ ያለውን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊጠይቁ ይችላሉ። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ የሚቀመጥበት ክፍል ደረቅ ነው? የሚመዘግበው ባለሙያ ማን ነው? ከውጭ የሚመጣ ሰው ማየት ይችላል? አጥጋቢ መልስ ያልሰጠ ተቋም ስሙ ቢተልቅም ሳጥኑን ወደ መጋዘን ነው የሚወስደው። ከተስማሙ፣ ስጦታ ይሁን አደራ፣ ማባዛትና ማተም ይፈቀድ አይፈቀድ፣ በፎቶው ላይ ያሉ ሰዎች ቤተሰቦች ቅጂ ማግኘት ይችሉ እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር፤ የዕቃው ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱንም ማኅተም አስመትተው ለራስዎ ያስቀሩ።